ከጎተራ እስከ ሰባተኛ፦ ለአርሶ አደሩ የሚሠራ ጥናት

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር






ጥናት ሲባል ብዙ አርሶ አደር የሚያስታውሰው አንድ እንግዳ ሰው ነው። መጠይቅ ይዞ ይመጣል፤ የበሬውንና የላሙን ቁጥር፣ የማሳውን ስፋት፣ የልጆቹን ብዛት ጠይቆ ይጽፋል፤ አመስግኖ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ አይታይም። የተጻፈው የት እንደ ደረሰና ለማን እንደ ጠቀመ ለተጠየቀው ሰው የሚነግረው የለም። ይህ ቅሬታ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ጥናት ሁሉ እንዲህ አይደለም። ተግባራዊ ምርምር የሚባለው ከሥራ ላይ ተነሥቶ ወደ ሥራ የሚመለስ ጥናት ነው። አንድ የታወቀ ችግር ይይዛል፤ ይለካል፤ ሁለት መንገዶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያወዳድራል፤ የተሻለው በሥራ ላይ ሲውልም እንደገና ለክቶ ያረጋግጣል።

ይህ ዓይነቱ ምርምር በኮምፒዩተር ሥራ፣ በምሕንድስና ስሌት፣ በውጭ ንግድና በቤተሰብ ምጣኔ ይሠራበታል። አራቱ ሲሰሙ ዝምድና ያላቸው አይመስሉም። በአርሶ አደሩ ቤት ግን ይገናኛሉ። የእህሉ ዋጋ፣ የማጓጓዣው ወጪ፣ ገዢው የሚጠይቀው ጥራትና ማሳውን የሚካፈሉት ልጆች ቁጥር የአንድ ጎጆ ጉዳዮች ናቸው። የዚህ ንግግር ዓላማ በአራቱም መስኮች የተሠሩ ጥናቶች ምን እንዳስተማሩና ዩኒየኑ ከዚያ ምን ሊወስድ እንደሚችል ማሳየት ነው።

እህሉ የሚያርፍበት ቦታ

በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሰባተኛ፣ አውቶቡስ ተራና እህል በረንዳ የተቀራረቡ ሰፈሮች ናቸው። ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከአርሲና ከወለጋ እህል ጭኖ የተነሣ መኪና ብዙውን ጊዜ የሚያራግፈው በዚሁ በመርካቶ አካባቢ ነው። ገዢው ጆንያውን አስከፍቶ አንድ እፍኝ ጤፍ መዳፉ ላይ ያደርጋል፤ በጣቱ ይበትነዋል፤ ቀለሙን ያያል። ማኛ ነው፣ ነጭ ነው፣ ሰርገኛ ነው፣ ቀይ ነው ብሎ ዋጋ ይቆርጣል። ጤፉን ያመረተው ሰው በዚያ ሰዓት ሩቅ አገር በሬውን ጠምዶ ይሆናል። ዋጋው ሲቆረጥ እሱ የለም።

በሻጭና በገዢ መካከል የሚቆመው ደላላ ነው። ስለ ደላላ በገጠር የሚባለው የታወቀ ነው። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኢትዮጵያን የእህል ገበያ ሲያጠኑ ግን ደላላውን ከመውቀስ ይልቅ ምን እንደሚሠራ መረመሩ። የክፍለ ሀገሩ ነጋዴ እህሉን ጭኖ፣ ራሱ ሳይመጣ፣ ለአዲስ አበባ ደላላ ይልካል። ደላላው ገዢ ይፈልጋል፣ ጥራቱን አይቶ ይዋዋላል፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ይልካል፤ ለዚህም በኩንታል ክፍያ ያገኛል። ነጋዴው ይህን የሚያደርገው ሞኝ ሆኖ አይደለም። የማያውቀውን ገዢ ራሱ ልፈልግ ቢል የሚያጠፋው ጊዜና የሚደርስበት ክህደት ከደላላው ክፍያ ስለሚበልጥበት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለዩኒየን ትልቅ ነው። ደላላ የሚያስፈልገው የዋጋ መረጃ፣ የታወቀ የጥራት ደረጃና መተማመን በጎደለበት ቦታ ነው። በወቀሳ አይጠፋም፤ እሱ የሚሠራውን ሥራ በተሻለ ሁኔታና በአነስተኛ ወጪ የሚሠራ ሲመጣ ግን ቦታውን ይለቃል። ዩኒየን የተቋቋመው ለዚህ ነው። ነገር ግን ዩኒየኑ ከደላላው የሚሻለው ሚዛኑ ሲታመን፣ የጥራት አለያየቱ ሲስተካከልና ክፍያው በጊዜው ሲደርስ ብቻ ነው። ምርቱን አስረክቦ ገንዘቡ ሁለት ወር የዘገየበት አባል በሚቀጥለው ዓመት ለነጋዴ ቢሸጥ ሊፈረድበት አይገባም።

በመዳፍ ላይ የሚደረገው ያ ምርመራ ለዘር ተመራማሪዎችም ትምህርት ሆኗል። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ዱከም የሚባል ምርታማ የጤፍ ዝርያ ነበረው፤ ፍሬው እንደ ማኛ ስላልነጣ ግን አርሶ አደሩ በብዛት አልያዘውም። ማኛ ደግሞ ነጭ ቢሆንም ምርቱ አነስተኛ ነበር። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን አዳቀሉ፤ በ1998 ዓ.ም. ቁንጮ የተባለው ዝርያ ተለቀቀ። ቁንጮ የተስፋፋው በምርቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን ገበያ ላይ ቀለሙ ስለሚወደድለት ጭምር ነው። ማሳው ብቻ ታይቶ ቢሆን ኖሮ ዱከም ይበቃ ነበር፤ ገበያውም ስለታየ ቁንጮ ተገኘ።

ዋጋን በኮምፒዩተርና በስልክ ማወቅ

በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ምርት ጥሩ ነበር፤ ዋጋው ግን ክፉኛ ወደቀ። በቆሎውን ሰብስቦ ገበያ ማድረስ ወጪውን እንኳ የማይመልስለት አርሶ አደር ነበር። ማዳበሪያ በብድር የወሰደው ዕዳውን መክፈል ተሳነው። በቀጣዩ ዓመት ዝናቡ ሲጠፋ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሆነ። በአንድ አገር በአንዱ ዓመት እህል ገዢ ያጣል፤ በሌላው ዓመት ሰው እህል ያጣል። ችግሩ የዝናብ ብቻ አልነበረም። ትርፍ ያለበትን ቦታና ጉድለት ያለበትን ቦታ፣ የመኸሩን ጊዜና የክረምቱን ጊዜ የሚያገናኝ ገበያ አልነበረም።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የተቋቋመው ለዚህ መልስ እንዲሆን ነው። በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተመሥርቶ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ጀመረ፤ የመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚም ዶክተር እሌኒ ነበሩ። ምርቱ መጋዘን ገብቶ ይመዘናል፤ ደረጃ ይወጣለታል፤ ባለቤቱ የመጋዘን ደረሰኝ ይይዛል፤ ሒሳቡን ኮምፒዩተር ይመዘግበዋል፤ ክፍያው በማግስቱ ይፈጸማል። ዋጋው በማስታወቂያ ሰሌዳና በስልክ ይነገራል። የተጀመረው በበቆሎ ነበር። ቡና በ2001 ዓ.ም. በሕግ በዚያ በኩል እንዲያልፍ ከተደረገ በኋላ ግን የግብይቱ ዋና ክፍል ቡናና ሰሊጥ ሆነ፤ የአገር ውስጥ እህል በአብዛኛው በድሮው መንገድ ወደ መርካቶ መሄዱን ቀጠለ። ኮምፒዩተር ሒሳብ ያፋጥናል እንጂ ብቻውን ገበያ አያቆምም። የሚመዘነው፣ የሚለየውና የሚታመነው ምርት ከሥሩ መኖር አለበት።

ስለ ስልክ ሁለት ጥናቶች ጎን ለጎን ቢታዩ ይጠቅማል። በህንድ ኬረላ በተባለው ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 ሞባይል ስልክ በባሕሩ ዳርቻ ሲዘረጋ ሮበርት ጄንሰን የተባለው ተመራማሪ የዓሣ አጥማጆቹን ገበያ ተከታትሎ በ2007 አሳተመ። ከስልኩ በፊት አጥማጁ ወደ ለመደው ወደብ ይመለሳል፤ እዚያ ዓሣ በዝቶ ሲጣል ጎረቤት ወደብ ያለው ገዢ ዓሣ ያጣል። ስልክ ሲገባ ጀልባው ባሕር ላይ ሳለ ዋጋ ይጠይቅ ጀመር። የሚጣለው ዓሣ ቀረ፤ የአጥማጁ ትርፍ 8 በመቶ ያህል ጨመረ፤ ለበላተኛውም ዋጋው 4 በመቶ ያህል ቀነሰ። ሁለቱም ወገን ተጠቀመ።

በኢትዮጵያ አርሶ አደሮች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ግን ስልክ በገጠር ቢገባም በመሸጫ ዋጋ ላይ ያመጣው ለውጥ ጠንካራ እንዳልነበረ አሳየ። በስልኩ ዋጋ የሚያጠያይቀው አርሶ አደር ጥቂት ነበር፤ በስልኩ የሚደርሰው ጠቃሚ የገበያ መረጃም አነስተኛ ነበር። ስልክ ቱቦ ነው፤ ውኃ ካልተለቀቀበት ቱቦ መዘርጋቱ ብቻውን ጥማት አይቆርጥም። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የተከፈተው የ8028 የአርሶ አደር የስልክ መስመር ስለ አዘራርና ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ምክር ለብዙ ሰው ማድረሱ ውኃው ከተለቀቀ ቱቦው እንደሚሠራ ምስክር ነው። የእህል በረንዳውን ዋጋ በየሳምንቱ ጠይቆ፣ በጤፍ ዓይነት ለይቶ፣ ለየመሠረታዊ ማኅበሩ ጸሐፊ በአጭር መልእክት መላክ ከአንድ ዩኒየን አቅም በላይ አይደለም።

የመኪናና የመጋዘን ስሌት

መሐንዲሶች ብዙ አማራጭ ባለበት ሥራ ውስጥ ወጪ የሚያሳንሰውን መንገድ በቁጥር ፈልጎ የማግኘት ዘዴ አላቸው። የሶቪየቱ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች እ.ኤ.አ. በ1939 ለአንድ የጣውላ ሥራ ችግር ሲሠሩ፣ አሜሪካዊው ጆርጅ ዳንትዚግ ደግሞ በ1947 የአሠራሩን ሥርዓት ሲያወጡ ስሌቱ ዳበረ። ካንቶሮቪች ለዚህ ሥራቸው በ1975 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። ነገሩ የሊቃውንት ብቻ ይመስላል፤ ለእህል ማጓጓዣም የሚሠራ መሆኑን ግን አንድ ምሳሌ ያሳያል። ቁጥሩ ለማስረዳት ብቻ የተወሰደ ነው።

አንድ ዩኒየን ሁለት መጋዘኖች አሉት እንበል። በአንደኛው 300፣ በሁለተኛው 200 ኩንታል አለ። መርካቶ 250፣ አዳማ ያለ ዱቄት ፋብሪካ ደግሞ 250 ኩንታል ይፈልጋሉ። ከአንደኛው መጋዘን ወደ መርካቶ ማጓጓዣው በኩንታል 40 ብር፣ ወደ አዳማ 50 ብር ነው። ከሁለተኛው ወደ መርካቶ 50 ብር፣ ወደ አዳማ 90 ብር ነው። ብዙ ሰው ከርካሹ ይጀምራል፤ ከአንደኛው መጋዘን 250 ኩንታል ለመርካቶ ይልካል፣ የቀረውን 50 ለአዳማ ይልካል፣ የሁለተኛውን 200 በሙሉ ለአዳማ ይጭናል። ወጪው 10,000 እና 2,500 እና 18,000፣ በድምሩ 30,500 ብር ይሆናል።

አሁን ሌላው መንገድ ይታይ። የሁለተኛው መጋዘን 200 ኩንታል በሙሉ ወደ መርካቶ ይሂድ፤ ከአንደኛው 50 ወደ መርካቶ፣ 250 ወደ አዳማ ይሂድ። ወጪው 10,000 እና 2,000 እና 12,500፣ በድምሩ 24,500 ብር ነው። እህሉ ያው ነው፤ መኪናው ያው ነው፤ ገዢው ያው ነው፤ ልዩነቱ 6,000 ብር ነው። ከርካሹ መጀመር ውዱን ለመጨረሻ ማቆየት ሆነ። ሁለት መጋዘንና ሁለት ገዢ ሲሆን በወረቀት ይሠራል፤ አሥር መጋዘንና ስድስት ገዢ ሲሆን የሒሳብ ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒዩተር ይሠራዋል። የሚያስፈልገው የየመንገዱ ዋጋና የየመጋዘኑ መጠን በትክክል መመዝገቡ ነው። ባዶውን የሚመለስ መኪናም በዚሁ ስሌት ውስጥ ሊገባ ይገባል፤ የመመለሻው ጭነት ከታወቀ የመሄጃው ዋጋ ላይ መደራደር ይቻላልና።

በጥር ልሽጥ ወይስ እስከ ሐምሌ ላቆይ የሚለው ጥያቄም በቁጥር ሊመለስ ይችላል። አሁንም ለምሳሌ ያህል፣ 100 ኩንታል በቆሎ በጥር 3,000 ብር፣ በሐምሌ 3,600 ብር ያወጣል እንበል። በጥር የሚገኘው 300,000 ብር ነው። ለስድስት ወር ሲቆይ ነቀዝ 10 ኩንታል ያህሉን ቢያበላሽ በሐምሌ 90 ኩንታል ይሸጣል፤ 324,000 ብር ያስገኛል። ማኅበሩ በብድር ገንዘብ የሚሠራ ከሆነና ወለዱ በዓመት 14 በመቶ ቢሆን ለስድስት ወር 21,000 ብር ይሄዳል። የቀረው 3,000 ብር ነው፤ ለዘበኛም አይበቃ። በሦስት ድርብርብ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ቢቀመጥና ጉዳቱ ወደ 1 ኩንታል ቢወርድ ግን ሽያጩ 356,400 ብር ይሆናል፤ ወለዱና ለከረጢት በኩንታል 150 ብር፣ በድምሩ 36,000 ብር ሲቀነስ፣ ከጥሩ ሽያጭ 20,400 ብር ይበልጣል። ይህ ከረጢት ራሱ የተግባራዊ ምርምር ውጤት ነው። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከካሜሩን ባልደረቦቻቸው ጋር በመጀመሪያ ለአተር መሰሉ ሰብል ያዘጋጁት ሲሆን፣ ነቀዙን የሚገድለው መርዝ ሳይሆን የአየር እጥረት ነው።

ባሕር ማዶ ያለው ገዢ

የእህል በረንዳው ገዢ በመዳፉ ያያል፤ የባሕር ማዶው ገዢ በላቦራቶሪ ያያል። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከፈቀደችው መጠን በላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት አገኘች። ጃፓን ከትልልቅ ገዢዎች አንዷ ነበረች፤ ግዢዋ ወዲያው አሽቆለቆለ። የኢትዮጵያ አርሶ አደር በአብዛኛው ቡናውን መርዝ አይረጭም። ምክንያቱ ሲፈለግ ጥርጣሬው የወደቀው ቡናው በተጫነበት ጆንያ ላይ ነው። ዓመት ሙሉ የተለፋበት ምርት በአንድ ጆንያ ምክንያት ገበያ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ጆንያ ከየት እንደመጣ መመዝገብ፣ መርዝና እህልን በአንድ መጋዘን አለማስቀመጥ፣ ማዳበሪያ የጫነን መኪና ሳያጸዱ እህል አለመጫን ትንሽ ነገር አይደለም።

በሌላ በኩል እውቀት ዋጋ የሚያስጨምርበት ጊዜም አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትነሣ ተቃውሞ ገጠማት፤ በ2007 ግን ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ከስምምነት ደረሰች። ነገሩ የተጀመረው በጥናት ነበር። በችርቻሮ መደብር ላይ ቡናው የሚሸጥበት ዋጋና ለአምራቹ የሚደርሰው ገንዘብ ሲነጻጸር የስሙ ጥቅም ወደ ሌላ እጅ እንደሚሄድ ታየ። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ በኋላም የሲዳማና የይርጋጨፌ ዩኒየኖች፣ የአባሎቻቸውን ቡና በቀጥታ ለውጭ ገዢ በመሸጥ ያሳዩት መንገድም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው።

አሁን ደግሞ አዲስ ጥያቄ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት ወደ ገበያው የሚገባ ቡና ከታኅሣሥ 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት ያልመጣ መሆኑ በማሳው የካርታ መለኪያ መረጋገጥ አለበት። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ቢገፋም ጥያቄው አልቀረም። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የመለኪያ ነጥብ ይበቃል፤ ያንን ነጥብ ግን ስልክ ይዞ ማሳ ለማሳ የሚሄድ፣ የሚመዘግብና የሚጠብቅ ያስፈልጋል። ይህን ለአንድ አርሶ አደር ብቻውን መሥራት ያስቸግራል፤ ለማኅበር ይቀላል። መዝገቡም የአባሉ ንብረት መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

የማሳው ድርሻና የቤተሰብ ምጣኔ

እህል በጫነው መኪና ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ወጣት አብሮ ይመጣል። የአባቱ ማሳ ለወንድሞቹ ተከፋፍሎ ለእሱ የደረሰው አልበቃ ብሎታል፤ ወይም ከነጭራሹ አልደረሰውም። አውቶቡስ ተራ ይወርዳል፤ ሰባተኛ አካባቢ በቀን ሒሳብ ማደሪያ ይፈልጋል፤ እህል በረንዳ ጆንያ ይሸከማል። የተሸከመው ጤፍ ከአገሩ የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቤተሰብ ምጣኔ የጤና ጣቢያ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የማሳም ጉዳይ ነው።

በዚህ ላይ በአማራና በኦሮሚያ የተደረገ አንድ ጥናት ለማኅበር መሪ ሁሉ የሚጠቅም ነው። ከ1995 እስከ 1998 ዓ.ም. 133 የገበሬ ማኅበራት በዕጣ በአራት ተከፈሉ። ለአንዳንዶቹ አነስተኛ ብድር፣ ለአንዳንዶቹ ቤት ለቤት የሚሰጥ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት፣ ለሌሎቹ ሁለቱም እንዲደርሱ ተደረገ፤ የቀሩት ለማወዳደሪያ ተተዉ። የታሰበው ገንዘብና ምክር አንድ ላይ ሲመጡ ተጠቃሚው ይበዛል ተብሎ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲታተም ግን በብድሩም፣ በአገልግሎቱም፣ በሁለቱም አንድ ላይ የተገኘ ተጨማሪ ለውጥ አልነበረም።

ለምን? ሴቶቹ ምን ዓይነት መከላከያ እንደሚፈልጉ ሲታይ አብዛኞቹ የሚመርጡት በየሦስት ወሩ የሚወሰደውን መርፌ ነበር። በየቤቱ የሚዞሩት ሠራተኞች የያዙት ግን እንክብልና ኮንዶም ነበር። ገንዘብ ወጥቷል፤ ሠራተኛ ሠልጥኗል፤ ቤት ለቤት ተዞሯል፤ ሴቲቱ የምትፈልገው ግን በቦርሳው ውስጥ አልነበረም። በኋላ በትግራይ የተደረገ ሌላ ጥናት የሠለጠኑ የመንደር ሠራተኞች መርፌውን ያለ ችግር ሊሰጡ እንደሚችሉ አሳየ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም መርፌውን፣ ቆይቶም በክንድ የሚቀበረውን፣ ወደ ቀበሌ አወረደው።

ለውጡ በአገር አቀፍ ጥናት ይታያል። በ1992 ዓ.ም. ካገቡ ሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ የሚጠቀሙት 8 በመቶ ነበሩ፤ በ1997 ዓ.ም. 15፣ በ2003 ዓ.ም. 29፣ በ2008 ዓ.ም. 36 በመቶ ሆኑ። አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው ልጅ በአማካይ በ1992 ዓ.ም. ከነበረበት 5.5 በ2008 ዓ.ም. ወደ 4.6 ወረደ። በዚያው ዓመት በአማራ ክልል 3.7 ነበር። ስንት ልጅ ይወለድ ብሎ የሚወስን ዩኒየን የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ውሳኔው የባልና የሚስት ነው፤ በተለይም የምትሸከመውና የምትወልደው የሴቲቱ ነው። ዩኒየኑ ሊያደርግ የሚችለው በጠቅላላ ጉባኤው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቦታና ጊዜ መስጠት፣ ሴት አባላትም በራሳቸው ስም እንዲመዘገቡ ማድረግ ነው።

ከዩኒየኑ የሚጠበቀው

ከአራቱም መስኮች የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው። ደላላው ምን እንደሚሠራ ሳይጠየቅ ሊተካ አልቻለም። የገዢው ዓይን ሳይታይ የተለቀቀ ዘር አልተወደደም። የገበያ መረጃ ያልተላከበት ስልክ ዋጋ አላሳደገም። ሴቲቱ ምን እንደምትመርጥ ሳይታወቅ የተሞላ ቦርሳ ቤት ለቤት ዞሮ ተመለሰ። የሚጠቀምበት ሰው ያልተጠየቀበትና ውጤቱ ያልተለካ ሥራ፣ ሐሳቡ ጥሩ ቢሆን እንኳ፣ ገንዘብ ያባክናል።

የጤፍን በመስመር መዝራትም ይህንኑ ያስተምራል። በሠርቶ ማሳያ ላይ የታየው የምርት ጭማሪ በአርሶ አደሩ ማሳ ላይ ሲለካ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ የሚጠይቀው የሰው ጉልበትም ብዙ ነበር። ይህ ማለት ዘዴው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ለማን፣ በየትኛው መሬት፣ በስንት ሰው ጉልበት እንደሚያዋጣ በአባሉ ማሳ ላይ መለካት አለበት ማለት ነው።

ዩኒየኑ ለዚህ ሥራ የሚሆን ሀብት በእጁ አለ። የሚዛን መዝገብ፣ የመኪና ኪራይ ደረሰኝ፣ የመጋዘን ገቢና ወጪ፣ የክፍያ ቀን ሁሉም መረጃዎች ናቸው፤ ሳይነበቡ በየፋይሉ ተቀምጠዋል። ሊደረጉ የሚችሉት ነገሮችም ብዙ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ጭነት መነሻ፣ መድረሻ፣ መጠንና ወጪ በአንድ መዝገብ ይያዝ፤ በዓመቱ መጨረሻም ይሰላ። ሁለተኛ፣ ምርት ካስረከበበት ቀን ጀምሮ አባሉ ገንዘቡን እስኪያገኝ ያለው ቀን ይቆጠር፤ ቁጥሩም ለጠቅላላ ጉባኤ ይነበብ። ሦስተኛ፣ የመርካቶ ዋጋ በየሳምንቱ ለአባላት ይድረስ። አራተኛ፣ አዲስ ዘር፣ አዲስ ከረጢት ወይም አዲስ አሠራር ሲመጣ በሙሉ ከመግዛት በፊት በጥቂት አባላት ማሳና ጎተራ ተሞክሮ ከድሮው ጋር ይወዳደር። አምስተኛ፣ አጥኚ ወደ ቀበሌው ሲመጣ ውጤቱን ተመልሶ ለመንገር ቃል ይግባ፤ ይህ በጽሑፍ የሚያዝ ግዴታ ይሁን።

ከወረዳና ከዞን ኃላፊዎችም የሚጠበቅ አለ። ሪፖርት ላይ የሚሞላው ቁጥር ለማስደሰት ሳይሆን ለማወቅ የሚጻፍ እንዲሆን ያልተሳካውም እንዲጻፍ መፍቀድ ያስፈልጋል። የብድርና የቤተሰብ ምጣኔው ጥናት አልተሳካም ተብሎ በግልጽ ባይታተም ኖሮ መርፌው ለምን እንደሚያስፈልግ ለማሳየት አንድ ጠንካራ ማስረጃ ይጎድል ነበር።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ድሩ የሚያብረው ግን ክሩ ሲቆጠር፣ የላላው ሲጠብቅ፣ የተበጠሰው ሲቀጠል ነው። ዩኒየኑ የአባላቱን ኩንታል መሰብሰብ ችሏል፤ ቀጥሎ የአባላቱን እውቀት፣ ልክና ጥያቄ መሰብሰብ ይኖርበታል። ያን ጊዜ በእህል በረንዳ ዋጋ ሲቆረጥ አምራቹ በአካል ባይገኝም ሚዛኑ፣ መዝገቡና የዋጋ መረጃው እሱን ወክለው ይቆማሉ።

መልካም የምሥረታ በዓል!